የምንተነፍሰው አየርም አማና ነው

(በሬዲዮ ዝግጅት ላይ የቀረበ ንግግር)

ቢስሚላሂር ረሕማኒር ረሒም

ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ) የተገባ ነው። ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በሶሓቦቻቸው ላይ ይስፈን።



ሰው ያለ ምግብ ብዙ ቀናትን ሊቆይ ይችላል። ያለ ውሃም ጥቂት ቀናትን ይቆያል። ያለ አየር ግን ከጥቂት ደቂቃዎች በላይ መቆየት አይችልም። አላህ (ሱ.ወ) ይህን ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገንን ጸጋ ያለ ዋጋ ሰጠን፤ ሀብታሙም ድሃውም እኩል ይተነፍሰዋል። ነገር ግን በነጻ ስላገኘነው ባለቤት የሌለው መሰለን። በእህል ላይ ሚዛን ያጎደለን ሰው ሌባ እንለዋለን፤ አየራችንን ያበላሸብንን ሰው ግን ስም እንኳን አላወጣንለትም።

ይህን ርእስ እንዳነሳ ምክንያት የሆነኝ አንድ ወንድም ነው። ባለፈው ሰሞን ከዐስር ሶላት በኋላ ቀረብ ብሎ፣ «ኡስታዝ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አለኝ።

«ጠይቅ ወንድሜ» አልኩት።

«መኪናዬ አሮጌ ናት፤ የናፍጣ ናት። ዓመታዊ ምርመራ ሲደርስ መካኒኩ ፖምፓውን ይቀንስልኛል። ናፍጣው ሲያንስ ጢሷም ይቀንሳል፤ ቦሎዬን እወስዳለሁ። በማግሥቱ እንደነበረ እንዲመልሰው አደርጋለሁ፤ አለበለዚያ ጭና ዳገት አትወጣም። ይህ ነገር ወንጀል ይሆንብኛል?»

የእህል ነጋዴውን ሐዲስ ነገርኩት። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በገበያ ሲያልፉ አንድ የእህል ክምር አዩ። ላዩ ደረቅና ያማረ ነበር። እጃቸውን ወደ ውስጥ ሲከቱ ግን ጣቶቻቸው እርጥበት አገኙ። ባለ እህሉ ዝናብ እንደመታው ተናገረ። እርሳቸውም ሰዎች እንዲያዩት እርጥቡን ከላይ ለምን እንዳላደረገው ጠየቁት፤ የሚያጭበረብር ሰው ከእርሳቸው እንዳልሆነም አስጠነቀቁ። ይህ በሙስሊም የተዘገበ ሐዲስ ነው።

ወንድማችን አንገቱን ደፋ። ጥቂት ቆየና፣ «ገባኝ፤ ክምሩ እኔ ነኝ። ግን ኡስታዝ፣ በዚህ ሁሉ መኪና መካከል የኔ አንዷ መኪና ምን ያህል ትጎዳለች?» አለኝ። ለዚህ ጥያቄው መልስ አልነበረኝም። ያልተመዘነን ነገር ትንሽ ነው ወይም ብዙ ነው ማለት አይቻልም። ውድ አድማጮች፣ የዛሬው ንግግራችን ፍሬ ነገር ይኸው ነው፦ አየርን መመዘን ማለት እጅን ወደ ክምሩ መክተት ማለት ነው።

የማይታየው ብናኝ

ሐኪሞች ከሁሉ አብልጠው የሚፈሩት ዓይን የሚያየውን ጥቁር ጢስ ብቻ አይደለም። ስፋታቸው ከ2.5 ማይክሮሜትር የማይበልጥ፣ በሙያው ቋንቋ ፒኤም 2.5 የሚባሉ ደቃቅ ብናኞች አሉ። የአንድ ሰው የራስ ጸጉር ከነዚህ ብናኞች 20 እጥፍና ከዚያም በላይ ይወፍራል። ትልልቁን አቧራ አፍንጫና ጉሮሮ ያስቀሩታል። እነዚህ ግን እስከ ሳንባ ጥግ ይዘልቃሉ፤ ከነሱም እጅግ የደቀቁት ወደ ደም ይገባሉ። ጉዳታቸው ሳል ብቻ አይደለም። የልብ በሽታን፣ ስትሮክን፣ የሳንባ ካንሰርን፣ በሕፃናት ላይ ደግሞ የመተንፈሻ አካል በሽታን ያመጣሉ። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም የናፍጣ ሞተር ጢስን እ.ኤ.አ. በ2012 በእርግጠኝነት ካንሰር ከሚያመጡ ነገሮች ተራ መድቦታል። ድርጅቱ የውጭ አየር ብክለት እ.ኤ.አ. በ2019 ብቻ 4.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎችን ያለ ዕድሜያቸው እንዲሞቱ ምክንያት መሆኑን ገምቷል።

ከብናኙ ጋር ዓይን የማያያቸው ጋዞችም አሉ። ሰልፈር ያለበት ነዳጅ ሲቃጠል ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ይወጣል። ከተሽከርካሪ ሞተርና ከፋብሪካ ምድጃ ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። ነዳጁ በደንብ ሳይቃጠል ሲቀር ደግሞ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይወጣል።

አየር እንዴት ይመዘናል?

የመጀመሪያው መንገድ ቃል በቃል ሚዛን ነው። ንጹሕ የማጣሪያ ወረቀት እጅግ ስስ በሆነ ሚዛን ይመዘናል። ከዚያም በመሣሪያው ውስጥ ይገባና ለ24 ሰዓት መጠኑ የታወቀ አየር ይሳብበታል። በማግሥቱ ተመልሶ ሲመዘን የጨመረው ክብደት በዚያ አየር ውስጥ የነበረው ብናኝ ነው። ውጤቱም በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ ስንት ማይክሮግራም ተብሎ ይነገራል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባሻሻለው መመሪያ የፒኤም 2.5 የዓመት አማካይ ከ5 ማይክሮግራም፣ የአንድ ቀኑም ከ15 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ መክሯል።

የወረቀቱ ጥቅም በክብደቱ ብቻ አያበቃም። በላብራቶሪ ሲመረመር ጢሱ ከየት እንደመጣ ይመሰክራል። ጥቁር ካርቦን በብዛት ሲገኝበት ወደ ናፍጣ ሞተር ያመለክታል። ካልሲየም ሲበዛበት ወደ ሲሚንቶና ወደ መንገድ አቧራ፣ ፖታሲየም ሲበዛበት ደግሞ ወደ ማገዶ ጢስ ይመራል። ስለዚህ ምዘና በዳዩን ከማጋለጡ በተጨማሪ ያላጠፋውንም ነጻ ያወጣል። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል ሑጁራት ወሬ ሲመጣልን እንድናጣራና ሳናውቅ ሰዎችን እንዳንጎዳ አዞናል። አንድን ፋብሪካ በጥርጣሬ ብቻ መክሰስም በደል ነው፤ የሚያጣራልን ሚዛኑ ነው።

ሁለተኛው ዓይነት መሣሪያ ሌት ተቀን ሳያቋርጥ በየሰዓቱ የሚመዘግብ ነው። በጥቅል ማጣሪያ ላይ የተጠራቀመው ብናኝ ቤታ የተባለውን ጨረር ምን ያህል እንደሚያዳክመው በማየት መጠኑን ያሰላል። ጥቅሙ ትልቅ ነው። ቀን ማጣሪያውን ሲያሠራ ውሎ ሌሊት ኤሌክትሪክ ለመቆጠብ የሚዘጋ ፋብሪካ ቢኖር፣ ቀን መጥቶ የሚያይ ተቆጣጣሪ አይደርስበትም፤ ይህ መሣሪያ ግን ይመዘግበዋል። ሥራውን ሁሉ የሚጽፉ መላእክት ከጎኑ እንዳሉ የሚያምን ባለ ፋብሪካ ግን ያለ መሣሪያም ሌሊቱን ይፈራል።

ሦስተኛው በሌዘር ብርሃን ብናኝን የሚቆጥር፣ በዋጋው ርካሽ የሆነ ትንሽ መሣሪያ ነው። ትምህርት ቤትና መስጊድ ግድግዳ ላይ ሊሰቀል ይችላል። ይሁን እንጂ አየሩ እርጥበት ሲበዛበት ያበጠውን ብናኝና የጭጋግ ጠብታውን አጋኖ ሊቆጥር ስለሚችል፣ በትልቁ መሣሪያ አጠገብ ተቀምጦ ንባቡ መስተካከል አለበት። ነጋዴ ሚዛኑን ከታወቀ የብረት ድንጋይ ጋር እንደሚያስተያይ ማለት ነው። ከምድር በላይ ደግሞ ሳተላይቶች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2017 የመጠቀችው የአውሮፓዋ ሴንቲኔል 5 ፒ በየከተማው ላይ ያንዣበበውን የናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ጋዝ ከሰማይ ታያለች። ሰው አፍንጫ ስር ያለውን አየር ለማወቅ ግን ዛሬም ምድር ላይ የቆመ መሣሪያ የግድ ያስፈልጋል።

ሚዛኑንም ጢሱንም የሚቆጣጠር

ውድ አድማጮች፣ አንዳንዱ ሰው ይህን ሲሰማ «ይህ የፈረንጆች ጉዳይ ነው፤ ከዲን ጋር ምን አገናኘው?» ይል ይሆናል። ታሪካችንን ብንመረምር ግን ሌላ ነገር እናገኛለን።

በሙስሊም ከተሞች ሙሕተሲብ የሚባል ተቆጣጣሪ ነበር። የገበያን ሚዛንና መስፈሪያ የሚመረምረው እርሱ ነው። በ12ኛው ክፍለ ዘመን በሶሪያ ዐብዱረሕማን አሽ-ሸይዘሪ ለሙሕተሲቦች የሥራ መመሪያ የሚሆን ኪታብ ጽፏል። በዚያ ውስጥ ስለ ዳቦ ጋጋሪዎች ሲያነሳ፣ ጢሱ ሰዎችን እንዳይጎዳ የምድጃ ቤታቸው ጣሪያ ከፍ እንዲል፣ ሰፊ የጢስ ማውጫም እንዲኖረው ሙሕተሲቡ ማስገደድ እንዳለበት ያሳስባል። ልብ በሉ፤ ሚዛኑንና ጢሱን የሚቆጣጠረው አንድ ሰው ነበር። ምክንያቱም ሁለቱም የሰው ሐቅ ናቸው።

በ14ኛው ክፍለ ዘመን በቱኒዝ ይኖር የነበረው ኢብኑ ራሚ የተባለ የግንባታ ባለሙያ ከከተማው ቃዲ ጋር ይሠራ ነበር። በጎረቤቶች መካከል ክርክር ሲነሳ ቦታው ድረስ ሄዶ ያይና ለቃዲው ይመሰክራል። በኪታቡም ጎረቤት በጎረቤቱ ላይ ከሚያደርሳቸው ጉዳቶች መካከል ጢስን፣ መጥፎ ሽታንና ድምፅን ለይቶ ዘርዝሯል። ቃዲው በግምት አልፈረደም፤ ባለሙያ ልኮ አስመርምሯል። ስለ ታላቁ ሐኪም አር-ራዚ ደግሞ እንዲህ ተብሎ ይተረካል፦ በባግዳድ ሆስፒታል የሚሠራበትን ቦታ እንዲመርጥ በተጠየቀ ጊዜ በየሰፈሩ ቁራጭ ሥጋ አሰቀለ። ሥጋው ቶሎ ያልበሰበሰበትን ሰፈርም አየሩ የተሻለ ነው ብሎ መረጠ። መሣሪያ ባልነበረበት ዘመን እንኳን ዑለማዎቻችንና ሐኪሞቻችን ማስረጃ ይፈልጉ ነበር ማለት ነው።

መነሻቸውም የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ትምህርት ነው። መጉዳትንም፣ ጉዳትን በጉዳት መመለስንም ከልክለዋል። ሰዎች የሚያልፉበትን መንገድ፣ የሚያርፉበትን ጥላና የሚቀዱትን ውሃ ማቆሸሽ እርግማን እንደሚያመጣ አስጠንቅቀዋል። ነጭ ሽንኩርት ወይም ሽንኩርት የበላ ሰው በሽታው ሰጋጆችን እንዳያስቸግር ከመስጊድ እንዲርቅ አዘዋል። የአንድ ሰው የትንፋሽ ሽታ እንኳን እንዲህ ከታሰበበት፣ ሙሉ ሰፈርን የሚያፍን የፋብሪካ ጢስ ምን ሊባል ነው?

ነፋስ ድንበር አያውቅም

ጢስ በአጥር አይታገድም። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ ወር 1952 በለንደን ከተማ የድንጋይ ከሰል ጢስ ከጭጋግ ጋር ተቀላቅሎ ለአምስት ቀናት ከተማዋን አፈናት። ያኔ 4,000 ያህል ሰዎች እንደሞቱ ተገመተ፤ በኋላ የተደረጉ ጥናቶች ቁጥሩን እስከ 12,000 አድርሰውታል። በከተማዋ የአየር መለኪያ ጣቢያዎች ስለነበሩ የጢሱ መጠንና የሟቾች ቁጥር አብረው ሲወጡ በግልጽ ታየ። ይህ ማስረጃ ባይኖር ብዙዎች ብርዱ ገደላቸው ብለው ባለፉት ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1956፣ የንጹሕ አየር ሕግ ወጣ።

ከዚያ ወዲህ ፋብሪካዎች ጢሳቸውን ከሰፈር ለማራቅ እጅግ ረጃጅም የጢስ ማውጫ ሠሩ። ሰፈሩ ዳነ፤ ጢሱ ግን በነፋስ ተጉዞ በስካንዲኔቪያ ሀገራት አሲድ ያለበት ዝናብ ሆኖ ወረደ። ብዙ ሐይቆች ዓሣ አልባ ሆኑ። መጀመሪያ ሁሉም «የኔ አይደለም» አለ። የአውሮፓ ሀገራት እ.ኤ.አ. ከ1977 ጀምሮ በጋራ የሚመዝኑበትን መረብ ዘረጉ፤ በ1979 ደግሞ ድንበር ተሻጋሪ የአየር ብክለትን የሚመለከት ስምምነት በጄኔቫ ፈረሙ። ማን ለማን ስንት እንደሚልክ በቁጥር ሲታወቅ ክርክሩ ቆመ። ከ1990 ወዲህ በአውሮፓ የሚለቀቀው የሰልፈር ጋዝ ከሁለት ሦስተኛ በላይ ቀንሷል። ምሥራቅ አፍሪካም ከዚህ ውጭ አይደለም፤ የአካባቢያችን ሀገራት እ.ኤ.አ. በ2008 ናይሮቢ ላይ በአየር ብክለት ዙሪያ የጋራ የስምምነት ማዕቀፍ አውጥተዋል።

ቡኻሪ በዘገቡት ሐዲስ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በአንድ መርከብ የተሳፈሩ ሰዎችን ምሳሌ አምጥተዋል። ከታች ያሉት ውሃ ለመቅዳት ወደ ላይ መመላለሱ ሲሰለቻቸው በራሳቸው ድርሻ ላይ ቀዳዳ ሊበሱ ያስባሉ። ከላይ ያሉት ዝም ካሏቸው ሁሉም ይሰምጣል፤ እጃቸውን ከያዟቸው ሁሉም ይድናል። አየራችን መርከባችን ነው። «በራሴ ፋብሪካ፣ በራሴ መኪና» የሚል ሰው የሚበሳው የሁላችንንም ወለል ነው።

በሀገራችን

አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ በእንጦጦና በሌሎች ተራሮች የተከበበች ከተማ ናት። በዚህ ከፍታ ኦክስጅን ስለሚሳሳ ያልተስተካከለ ሞተር ነዳጁን በደንብ አያቃጥልም። በጋ ሲገባ፣ በተለይ በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ፣ ቀዝቃዛው አየር ከታች ይተኛል፤ ሞቅ ያለው ከላይ እንደ ክዳን ይደፋበታል። ጢሱ መውጫ ያጣል። ለፈጅር ሶላት ስንወጣ ጉሮሯችንን የሚከረክረን፣ ልጆቻችንም ወደ ትምህርት ቤት ሲሄዱ የሚተነፍሱት ይህንኑ ነው። በዚያው ወር ደግሞ ከ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ወዲህ በተለመደው መሠረት ኅዳር 12 ቀን «ኅዳር ሲታጠን» እያልን ቆሻሻ እናቃጥላለን። በሽታን ያባርራል የተባለው ጢስ ዛሬ ፌስታልና ጎማ ተጨምሮበት በሽታ ጠሪ ሆኗል።

እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ በአዲስ አበባ በአሜሪካ ኤምባሲ የቆመ መሣሪያ የፒኤም 2.5 መጠንን በየሰዓቱ ለሕዝብ ያሳይ ነበር። የተመዘገበው ውጤት የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው ልክ በብዙ እጥፍ የበለጠ ነበር። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2025 ግን የአሜሪካ መንግሥት በየኤምባሲዎቹ የሚሰበስበውን መረጃ ማሠራጨት አቆመ። ከዚህ የምንማረው አንድ ነገር አለ፤ በሰው ሚዛን የሚነግድ፣ ባለ ሚዛኑ ሚዛኑን ይዞ የሄደ ቀን ባዶ እጁን ይቀራል። የአየራችንን መለኪያ ገዝተን፣ ባለሙያ አሠልጥነን፣ መለዋወጫ መድበን ራሳችን መያዝ አለብን።

በጎ እርምጃዎችም አሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 በኤሌክትሪክ የሚሠራው የአዲስ አበባ ጅቡቲ የባቡር መስመር ተመርቋል። በ2024 ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ ሀገር እንዳይገቡ ተከልክሏል። ነገር ግን መንገድ ላይ ያሉት አሮጌ የናፍጣ መኪኖች ነገ አይጠፉም። ወደ ጅቡቲ በሚወስደው መንገድ ዳር ያሉ ከተሞች ዛሬም የከባድ መኪና ጢስ ይተነፍሳሉ።

ምን እናድርግ?

በመጀመሪያ ባለ መኪናዎች። ለዚያ ወንድም የሰጠሁትን መልስ ለሁላችሁም ልድገመው። ለምርመራ ቀን ብቻ ፖምፓ ማስቀነስ እርጥቡን እህል በደረቁ መሸፈን ነው። የተዘጋ የአየር ፊልትሮ መቀየር፣ ኖዝል ማስጠገን፣ ከአቅም በላይ አለመጫን ጢሱን ይቀንሳል፤ የሚባክነውንም ናፍጣ ያተርፋል። በአንድ ጊዜ ካልተቻለ በሁለትና በሦስት ጊዜ ይሠራ። እንቅፋትን ከመንገድ ማስወገድ የኢማን ቅርንጫፍ ከሆነ፣ ጢስን ከመንገደኛ ሳንባ ማራቅ ከዚህ አያንስም።

ባለ ፋብሪካዎችም የጢስ ማጣሪያ ወጪ ሳይሆን ዕዳን መክፈያ ነው። ጢሱ ስር የሚኖረው ሠራተኛና ጎረቤት ሐቁን የሚጠይቅበት ቀን አለ። ከትርፍ የሚሰጥ ሶደቃ በጎረቤት ሳንባ ላይ የተፈጸመን በደል አያካክስም።

ሁላችንም ደግሞ መብታችንን እንወቅ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖርን መብት አስፍሯል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 ደግሞ ማንኛውም ሰው ጉዳቱ በግል ደርሶብኛል ብሎ ማስረዳት ሳይጠበቅበት አቤቱታ እንዲያቀርብ ፈቅዷል። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካላገኘ ወይም በውሳኔው ካልረካ ወደ ፍርድ ቤት መሄድ እንደሚችልም ደንግጓል። ስለዚህ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የነፋሱን አቅጣጫ፣ የጢሱን ቀለም መዝግቡ፤ ፎቶ አንሱ። ሳትጨምሩ ሳትቀንሱ መስክሩ። ምስክርነት አማና ነው፤ ማጋነንም መደበቅም ያበላሸዋል። ወጣት ባለሙያዎቻችን በየመስጊዱና በየመድረሳው ግቢ አነስተኛ መለኪያ ቢተክሉ፣ ንባቡንም በአግባቡ አስተካክለው ለሕዝብ ቢያሳውቁ፣ አጅሩ ከውሃ ጉድጓድ የሚተናነስ አይመስለኝም።

ያ ወንድም ከሳምንት በኋላ አግኝቶኝ፣ «ኡስታዝ፣ ፊልትሮውን ቀየርኩ፤ ኖዝሉ ገና ነው» ብሎኛል። እውነቱን ስለነገረኝ ደስ አለኝ። ያልጨረሰውን አልደበቀም፤ እርጥቡን እህል ከላይ አድርጎታል።

አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱ ረሕማን ሰማይን ከፍ ማድረጉንና ሚዛንን ማኖሩን በአንድነት አውስቶ፣ በሚዛን ድንበር እንዳናልፍ አዞናል። ሰማዩ ከሚዛን ጋር ተያይዞ መነሳቱን እናስተውል።

አላህ ሆይ! የሰጠኸንን ንጹሕ አየር አመስግነው ከሚጠብቁት አድርገን። ከእጃችንና ከምላሳችን፣ ከመኪናችንና ከፋብሪካችን ጢስም ሰዎች ሰላም የሚያገኙብን ባሮችህ አድርገን። በሳንባ ሕመም የሚሰቃዩ ወንድሞቻችንን፣ እህቶቻችንንና ልጆቻችንን አሽርልን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።